መቅዳትና መፋቅ

በአማርኛ «መቅዳት» የሚለው ግስ ሦስት ሥራ አለበት። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፤ ጽሕፈት ከመጽሐፍ ይቀዳል፤ ድምፅም በመሣሪያ ይቀዳል። ሦስቱን በአንድነት የሚያስታውስ አገር ቢፈለግ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከሐይቅና ከጎረቤቱ ከአምባሰል የተሻለ አይገኝም። የሐይቁ ዳር ሰው ውሃውን ይቀዳል። ዱሮ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር በተገናኘው ሥፍራ ላይ የተመሠረተው የእስጢፋኖስ ገዳም ለብዙ መቶ ዓመታት መጻሕፍት ሲቀዱበት ኖሮአል። በስተሰሜን፣ በአምባሰል ተራሮች ሥር የበቀለው ዜማ ደግሞ በሸክላ ተቀድቶአል፣ በካሴት ተቀድቶአል፣ ዛሬም በእጅ ስልክ ይቀዳል። የውሃው ነገር ለጊዜው ይቆየን። መጽሐፉና ዜማው ግን የማን ናቸው? የቀዳቸውስ ሰው ምን አደረገ ይባላል?

ይህ የሥራ ፈት ጥያቄ አይደለም። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ በዚያው ዓመት ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ የግል ንብረትን ሲተረጉም፣ በእጅ የሚጨበጠውን ብቻ ሳይሆን የማይጨበጠውንም፣ ዋጋ ያለው እስከሆነ ድረስ፣ ንብረት ብሎ ተቀብሎታል። የንብረትን ምንጭ ሲቆጥርም ከጉልበትና ከካፒታል ጎን የመፍጠር ችሎታን አስቀምጦአል። በ51ኛው አንቀጽ የፈጠራና የድርሰት መብቶችን መጠበቅ የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ሆኖአል፤ በ55ኛው አንቀጽ ዝርዝር ሕግ የማውጣቱ ተግባር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተሰጥቶአል። በዚህ መሠረት ባለቅኔውና ሠዓሊው፣ ዜማ አውጪውና የተውኔት ጸሐፊው በአገሪቱ የበላይ ሕግ ፊት ባለንብረቶች ሆነዋል ማለት ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ላየው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ስለ ንብረት ሲናገር በዓይኑ ፊት የነበረው መሬትና ተንቀሳቃሽ ሀብት ነበር። የደራሲን መብት በዝርዝር ወደ ኢትዮጵያ ሕግ ያስገባው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ እርሱም ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት የደነገገው ስለ ንብረት በሚናገረው በ3ኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው። ቅኔና ቲያትር በአጥርና በመሬት ክርክር ጉርብትና ተቀመጡ። ጉርብትናው ያስቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው አስተሳሰብ ሁሉ ከዚህ ጉርብትና አልወጣም። የአእምሮ ፍሬ እንደ እርሻ ይታያል፤ ባለቤቱ ይታወቃል፤ ወሰኑ ይለካል፤ የገባበት ይከሰሳል።

እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ለደራስያንና ለፈልሳፊዎች መብት እንዲሰጥ ሲፈቅድ ምክንያቱንም ገደቡንም አብሮ ጽፎአል። ምክንያቱ የዕውቀትና የጥበብ መስፋፋት፣ ገደቡም የተወሰነ ዘመን ነው። የኢትዮጵያው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ሰጥቶ ስለ ምክንያቱ ዝም ብሎአል። ሕግ ስለ ምክንያቱ ዝም ሲል፣ የሚተረጉመው ሰው ምክንያቱን ከአገሩ ሕዝብ ልማድና የኅሊና ሚዛን ለመፈለግ ይገደዳል። ፍለጋውም ከሐይቅ እስጢፋኖስ ቢጀምር መንገድ አይስትም።

በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ ከተቀመጡ ወዲህ ገዳሙ የትምህርትና የመጻሕፍት ቤት ሆነ። በስማቸው የሚጠራውና በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው የ4ቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን የደረሰ ምስክር ነው። አንድ መጽሐፍ ለመጻፍ የብዙ በግና ፍየል ቆዳ መፋቅ፣ መወጠር፣ መዳመጥ ነበረበት፤ ቀለሙ መበጥበጥ፣ ብርዑ መቀረጽ ነበረበት፤ ጸሐፊው በወራትና በዓመት የሚቆጠር ጊዜ ጎንበስ ብሎ መዋል ነበረበት። እንዲህ ያለ ድካም የፈሰሰበት ነገር ንብረት ካልተባለ ንብረት የሚባል ነገር የለም። በእርግጥም የብራና መጻሕፍት ልማድ ይህን ንብረት የሚጠብቅበት ብርቱ መሣሪያ ነበረው፤ እርሱም ግዝት ነው። በብዙ የግዕዝ መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ፣ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግዝቱ የጠራቸው ብቻ ሳይሆኑ ያልጠራውም ነው። የሰረቀ ተወገዘ፤ የፋቀ ተወገዘ፤ የቀዳ ግን አልተወገዘም። እንዲያውም የቀዳው ሰው በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙን ጽፎ ስለ ድካሙ ጸልዩልኝ ይላል፤ ያስቀዳውም ባለጸጋ ስሙ በበረከት ይጠራ ዘንድ ያስጽፋል። ቆዳው ንብረት ነበረ፤ ቃሉ ግን ሲቀዳ የሚበዛ ጸጋ ነበረ። ዛሬ በሕግ ቋንቋ «የቅጅ መብት» ሲባል የሚታሰበው ሰው እንዳይቀዳ የመከልከል ሥልጣን ነው፤ ለሐይቁ መነኩሴ ቢነገረው ትርጉሙ የሚገለበጥበት ይመስላል።

ታዲያ ፋቂው ከሌባው እኩል ለምን ተወገዘ? መልሱ በብራናዎቹ ላይ በዓይን ይታያል። የቀድሞው ባለቤት ስም በምላጭ ተፍቆ የአዲሱ ስም በቦታው የገባባቸው መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ቆዳው በቦታው አለ፤ ቃሉ ሙሉ ነው፤ አንዲት ፊደል ከወንጌሉ አልጎደለችም። የጎደለው ነገሩ ከማን እንደመጣና ማን እንደደከመበት የሚናገረው ስም ብቻ ነው። የጥንቱ ኅሊና ይህን መጉደል ከሌብነት አሳንሶ አላየውም።

በ1960ዎቹ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ የሐይቁን ወንጌል በ1832 ቁጥር መዝግቦ ፎቶግራፉን አስቀርቶአል፤ የፊልሙ ቅጅ በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ይገኛል። የሐይቅ መጽሐፍ አትላንቲክን ተሻግሮ ተቀዳ፤ በመዝገቡ ላይ ግን ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተገኘ ተብሎ ተጻፈ። ይህ መቅዳት ነው፤ ፍቀት አይደለም።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ደግሞ ከዚህ ይለያል። ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን ወይም የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። መቅዳት በተመሰገነበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በግድግዳ ማዶ፣ አለመቅዳት ሕግ የሆነበት ቤት አለ ማለት ነው። የሚገርመው ቋንቋው ነው፤ ባለቅኔው አዲስ ቅኔ ሲያፈልቅ «ቅኔ ዘረፈ» ይባላል። መዝረፍ የተባለውን ግስ ለፈጠራ የሰጠ ሕዝብ፣ የሚፈጥር ሰው ከአንድ ቦታ የሚወስደው ነገር እንዳለ ሳያውቅ የሰጠው አይመስልም።

ከገዳሙ ወደ ዘፈኑ ሲመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። አምባሰል በዛሬው አከላለል በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ውጫሌ ነው፤ ግሸን ማርያም ያለችበት አምባም በዚያው ነው። ስሙን «አምባ» እና «አሰል» ብለው ለይተው፣ ሁለተኛውን ከዐረብኛው የማር ስም ጋር የሚያገናኙት አሉ። በሙዚቃው ዓለም ግን አምባሰል የተራራ ስም ከመሆን አልፎ የቅኝት ስም ሆኖአል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደን የመሳሰሉ ምሁራን ዋና ዋናዎቹን ቅኝቶች ሲቆጥሩ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ይጠራሉ። ከ4ቱ 2ቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው።

ቅኝት 5 ድምፆች በተወሰነ ርቀት የሚቆሙበት ሥርዓት ነው። 5 ድምፆችን ማንም የእኔ ሊል አይችልም፤ የሚል ቢገኝ እንደ እብድ ይቆጠራል። ነገር ግን በሰው ጆሮ አምባሰል የሚባለው ሥርዓቱ ብቻ አይደለም። አካሄድ አለው፤ የሚቆዝምበትና የሚወጣበት ቦታ አለው፤ ስለ ገደሉ፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ስደት የተባሉ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለሉ የመጡ ግጥሞች አሉት። እነዚህን ማን ሠራቸው?

አንድ የሠርግ ቤት ይታሰብ። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ቆሞአል። ከታዳሚው መካከል አንዱ ገበሬ ወይም አንዲት ባልቴት «ተቀበል!» ብለው ሁለት ስንኝ ይወረውራሉ። አዝማሪው ይቀበላል፤ በዜማው ይጠቀልለዋል፤ ቃሉ ከዜማው ጋር ካልገጠመ ትንሽ ያቃናዋል፤ በማግስቱ በሌላ ቤት ያዜመዋል። በዚያ የሰማው ሌላ አዝማሪ ለራሱ ጉዳይ ይለውጠዋል። በሠርጉ ቤት ደራሲው ማን ነው? ስንኙን የሰጠው ገበሬ ነው? ያቃናው አዝማሪ ነው? ወይስ ዜማውን ከእነርሱ በፊት የተከሉት፣ ስማቸው የማይታወቅ ቀደምት? እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ሰው ጉልበቱን ያቀላቀለበት ነገር የእርሱ ይሆናል ብሎ አስተምሮአል፤ የ40ኛው አንቀጽ መንፈስም ከዚህ ትምህርት የራቀ አይደለም። ሎክ ግን የሌላው ሰው ድርሻ በቂና መልካም ሆኖ እስከተረፈ ድረስ የሚል ገደብ አክሎበታል። በአምባሰል ዜማ ውስጥ የተቀላቀለው ጉልበት የአንድ ሰው ሳይሆን የትውልዶች ነው፤ ጉልበት ባለቤት የሚያደርግ ከሆነ ባለቤቶቹ ተቆጥረው አያልቁም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ይህን ሠርግ ቤት አያውቀውም። አዋጁ አንድን ሥራ የሚጠብቀው ሥራው ወጥ ሲሆንና በጽሑፍ በመስፈር ወይም በመቀረጽ ግዙፍነት ሲያገኝ ነው። አየር ላይ የዋለ ስንኝ ግዙፍነት የለውም፤ ከአያት የወረደ ዜማም ወጥ አይባልም። ስለዚህ ሕጉ ዓይኑን የሚገልጠው መቅረጫው መዞር ሲጀምር ነው። በዚያች ሰዓት ከመቅረጫው ፊት የቆመው ሰው መብት ያገኛል፤ ያስቀረጸው ነጋዴም መብት ያገኛል፤ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ከመቅረጫው በፊት የነበረው ሰንሰለት በሙሉ በሕግ ፊት እንዳልነበረ ይሆናል። የ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 የሮያሊቲ ገንዘብ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት የሚቋቋሙበትን መንገድ ከፍቶአል፤ ለከያንያን ትልቅ ነገር ነው። ገንዘቡ ግን የሚሄደው ስማቸው ወደተመዘገበ ሰዎች ነው።

በዚህ ምክንያት የግል መብትን እንደ ጠላት ማየት ፍትሕ አይሆንም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም የሚሰማው የአምባሰል ሕዝብ ዜማ ብቻ አይደለም፤ የማሪቱ ጉሮሮ፣ የማሪቱ እንጉርጉሮ፣ የማሪቱ ሕይወት ነው። የእርሷን ካሴት በጓዳ አባዝቶ በየመንገዱ የሸጠ ሰው የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ቢከራከር ማንም አይሰማውም፤ የሠረቀው የእርሷን ላብ ነውና። ሙላቱ አስታጥቄ ከትዝታ ቅኝት የሠራውን አንድ ሥራ «የግሌ ትዝታ» ብሎ ሰይሞታል። በሁለት ቃል ብዙ የሕግ መጻሕፍት ያላቃለሉትን ነገር አስቀምጦታል፤ ትዝታ የሁሉም ነው፣ ይህኛው ግን የግሌ ነው። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሌ ባወጡት ዘፈን ውስጥ ሲገባ ዓለም የሙላቱን ስም ጠቅሶ ሰማው።

ችግሩ የሚመጣው «የግሌ» የሚለው ቃል ሲጎላ «ትዝታ» የሚለው ሲፋቅ ነው። በኢትዮጵያ ካሴቶች ልባስ ላይ ብዙ ጊዜ «ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል መስመር ይነበባል። በመጀመሪያ ሲታይ ቅን መስመር ነው፤ ዘፋኙ ያልደረሰውን ደረስሁ አላለም። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ሌላ ገጽ አለው። ሕዝብ ውል አይፈርምም፤ ሕዝብ ደረሰኝ አይቀበልም፤ ሕዝብ ፍርድ ቤት አይቆምም። በልባሱ ላይ ስሙ የተጻፈ ብቸኛ ባለመብት፣ አንድ ሳንቲም የማይደርሰው እርሱ ነው። ደግሞስ የትኛው ሕዝብ ነው? ዜማውን ዘፋኙ ከአንድ የውጫሌ አዛውንት አፍ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ አዛውንቱ ስም አላቸው፣ መንደር አላቸው። «የሕዝብ» የሚለው ቃል ያን ስም በክብር የሚፍቅበት ጊዜ አለ።

በደርግ ዘመን ይህ ነገር ከካሴት ንግድም የሰፋ ነበር። ከቀበሌና ከገበሬ ማኅበር ጀምሮ የተደራጁት የኪነት ቡድኖች የየአገሩን ዜማ ሰብስበው ወደ መድረክ አወጡ፤ በብዙ መድረኮችም የፍቅሩና የእንጉርጉሮው ቃል ወጥቶ የዘመቻና የምርት ቃል ገባበት። በአንድ በኩል ሰፊው ሕዝብ የራሱን ዜማ በትልቅ መድረክ ሰማ፤ ብዙ ታላላቅ ድምፆችም በእነዚያ ቡድኖች ተገኙ። በሌላ በኩል ዜማው ከማን እንደተወሰደ የሚጽፍ መዝገብ እምብዛም አልተያዘም። ብራናው በቦታው ሆኖ ስሙ የተፋቀበት አንዱ ዘመን ይህ ነው።

እንግዲህ መፍትሔው ዜማውን ለማኅበረሰቡ በንብረትነት ማስረከብ ነውን? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ አሳብ በር አለው። የ40ኛው አንቀጽ ባለንብረቶችን ሲቆጥር ዜጎችንና ሕጋዊ ሰውነት ያላቸውን ማኅበራት ብቻ አልጠራም፤ በሕግ በተለየ ሁኔታ በጋራ የንብረት ባለቤት እንዲሆኑ የተፈቀደላቸውን ማኅበረሰቦችም ጠርቶአል። ብዙ አገሮች ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ያልጻፉት ቃል ነው። በሩ ለዕፀዋትና ለዘር ተከፍቶአል፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 ማኅበረሰቦች በጄኔቲክ ሀብትና በማኅበረሰብ ዕውቀታቸው ላይ መብት እንዳላቸው፣ ከጥቅሙም መካፈል እንዳለባቸው ደንግጎአል። በኔዘርላንድ የጤፍ ዱቄትን በሚመለከት ተይዞ የነበረው ፓተንት እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ቢስ መባሉ ይህን የመሰለ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልሆነ ያሳያል። የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋ ጨፌ ቡና ስሞችም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በውጭ አገር በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገቡ መንግሥት ተከራክሮላቸዋል። የአምባሰል ገበሬ ማሽላው ጠባቂ አዋጅ አለው፤ ዘፈኑ የለውም። ዘር ከዘፈን የበለጠ የሕይወት ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ዘሩን ሁሉ በረሃብ ሲያጣ ሕዝቡ ተሸክሞት የተሰደደው ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ግን እንዲህ ለመናገር ይቸኩላል ተብሎ አይታሰብም።

ከዚህ ላይ የውጫሌን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ በአማርኛ «ይቻላል» የሚል መንፈስ ሲኖረው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ልዩነት መጨረሻ አድዋ ነው። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ በ«ይቻላል» እና በ«ግዴታ ነው» መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ ከአምባሰል ምድር የበለጠ የሚያውቅ የለም። የ40ኛው አንቀጽ ስለ ማኅበረሰቦች የተናገረው ቃል የ«ይቻላል» ቃል ነው፤ ሕግ ቢፈቅድላቸው ባለንብረት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የኬንያ ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጹ የግዴታ ቃል መርጦአል፤ ማኅበረሰቦች ባህላቸው ጥቅም ላይ ሲውል ካሣ ወይም ሮያሊቲ የሚያገኙበትን ሕግ ምክር ቤቱ እንዲያወጣ አዝዞአል፣ ሕጉም እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶአል።

ይሁን እንጂ የኬንያን ቃል ወስዶ በአምባሰል ላይ ከመትከል በፊት የሚያስፈራ ጥያቄ አለ። የአምባሰል ዜማ ማኅበረሰብ ማን ነው? የወረዳው ነዋሪ ነው? እንዲያ ከሆነ በጎንደር ወይም በሐረር ሠርግ ላይ አምባሰልን የሚያዜም አዝማሪ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ሊከፍል ነው። የክልሉ ሕዝብ ነው? የወሎ ዜማ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም፣ በአማርኛ ተናጋሪውም በኦሮምኛ ተናጋሪውም አፍ የሚኖር ነው፤ ባቲን የመሰለች ከተማ የትኛው ሕዝብ ስም አወጣላት ብሎ ድንበር ማበጀት ዜማውን ከማስከበር ይልቅ ጠብ ማስነሳት ነው። ንብረት ሲባል አጥር አለ፤ አጥር ሲኖር በውጭ የሚቀር አለ። አምባሰል እስከ ዛሬ የኖረው ደግሞ አጥር ስላልነበረው ነው። ማንም እየወሰደ፣ ማንም እያዜመ፣ ማንም ስንኝ እየጨመረ። የዱሮው ርስት እንኳ ለዚህ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል፤ የአቅኚው ተወላጅ ሁሉ ድርሻ ሊጠይቅበት ይችል ነበር፣ ሸጦ ሊጨርሰው ግን አይችልም ነበር። ርስትም ቢሆን የትውልድ ሐረግ ይቆጥራል፤ ዜማ ሐረግ አይቆጥርም።

መንግሥት በአደራ ይያዘው የሚሉም አሉ። ጋና እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው ሕግ የሕዝብ ኪነ ጥበብ መብት በፕሬዚዳንቱ እጅ በአደራ እንዲቆይ አድርጋለች። አሳቡ መልካም ሊመስል ይችላል፤ ኢትዮጵያ ግን የአደራን ነገር በሌላ መልኩ ቀምሳዋለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ተላልፎ የራሱን ሸክላዎች ባያሳትም ኖሮ፣ ዛሬ ዓለም «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ስብስብ የሚሰማው ብዙ ሥራ ሳይቀረጽ ይቀር ነበር። አደራ ጠባቂ በር ጠባቂ ለመሆን ብዙ አይርቀውም።

ስለዚህ ጥያቄው «የማን ንብረት ነው?» ተብሎ እስከቀረበ ድረስ መልስ የሚያገኝ አይመስልም። የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ 27ኛ አንቀጽ፣ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1948 ድምፅ የሰጠችበት፣ ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጦአል፤ ሰው ሁሉ በማኅበረሰቡ የባህል ሕይወት በነፃነት የመካፈል መብት አለው፤ ደራሲም ከሥራው የሚመነጨው የኅሊናና የገንዘብ ጥቅሙ እንዲጠበቅለት መብት አለው። ከሁለቱ ጥቅሞች የኅሊናው መጀመሪያ መጠራቱ በአጋጣሚ ይሁን በአስተውሎት፣ የሐይቁ ግዝት ከሚለው ጋር ይስማማል። የአዋጅ ቁጥር 410 ራሱ የደራሲን በስሙ የመጠራት መብት ከገንዘብ መብቱ ለይቶ ጠብቆአል። ይህ መብት ለአንድ ደራሲ ከተሰጠ፣ ለዜማ መፍለቂያ የማይሰጥበት የኅሊና ምክንያት አይታይም። አምባሰልን የሚቀዳ ሁሉ ይቅዳ፤ ክፍያም አይጠየቅ፤ ስሙን ግን አይፋቅ። ዕዳው የገንዘብ ከመሆኑ በፊት የስም ነው።

ይህ አነስተኛ ጥያቄ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን አነስተኛ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት የታሪክና የባህል ቅርሶችን የመጠበቅ ኃላፊነት እንዳለበት ጽፎአል። ያንን ኃላፊነት ለዜማ ለመፈጸም ፖሊስ አያስፈልግም፤ መዝጋቢ ያስፈልጋል። ከማን ተሰማ? በየት ቀበሌ? በስንት ዓ.ም.? በምን አጋጣሚ፣ በሠርግ ነው በደቦ? ስንኙን የሰጠው ሰው የታወቀ ነው? የብራናው ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያደርገው የነበረው ይህንኑ ነው። የባህል ቢሮዎች፣ ሬዲዮ ጣቢያዎች፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች፣ ዘፋኞቹ ራሳቸው ይህን ለመጻፍ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለባቸውም። መዝገቡ ሲኖር ደግሞ የገንዘቡ ነገር መነሻ ያገኛል፤ የሚከፈለው ሰው በሌለበት ስለ ክፍያ መነጋገር አይቻልምና። ስሙ የተመዘገበ የውጫሌ አዛውንት አንድ ቀን የጋራ አስተዳደር ማኅበር በር ሊያንኳኩ ይችላሉ። «ሕዝብ» ግን በር አያንኳኳም።

ጊዜው ግን ወደዚህ የሚሄድ አይመስልም። የሸክላው ልባስ ለጽሕፈት ሰፊ ነበር፤ የካሴቱ ጠበበ፤ ቢሆንም «ዜማ፦ የሕዝብ» የምትለው መስመር በአንድ ጥግ አትጠፋም ነበር። ዛሬ አምባሰል በእጅ ስልክ ላይ ሲከፈት በመስኮቱ የሚታየው የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርእስና ስንት ሰው እንደሰማው የሚቆጥረው አሃዝ ነው። ዜማው ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ይቀራል፤ ያቺ አንዲት መስመር እንኳ የለችበትም።